ባንዲራው ወደ እኔ በር ሲዛወር

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 5፣ 1978

ሚስቴ ኢኔዝ ይህን ደብተር የገዛችልኝ «ቢያንስ ለእሱ አውራ፤ እኔ ሰልችቶኛል» ብላ ነው። አልፈርድባትም። የግዛታችን ምክትል አገረ ገዢ ከሆንኩ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራዬ ጠዋት ተነስቶ አገረ ገዢው በሕይወት መኖሩን ማረጋገጥ ነው። ሁልጊዜ አለ። ከዚያ ቡናዬን እጠጣለሁ።

ዛሬ ግን ሥራ ተገኘልኝ። አገረ ገዢው መርል ሃስኬት ቢሮው አስጠራኝና፣ «ኤልሮይ፣ የምክር ቤቱ ሕንፃ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ያለፉትን አገረ ገዢዎች ታሪክ የያዘች ትንሽ መጽሐፍ ብታዘጋጅልን» አለኝ።

«ለምን እኔ?»

«ጊዜ ያለህ አንተ ነሃ!»

ይህንን ከስድብ ልቆጥረው አልኩና እውነት ሆኖ አገኘሁት። በዚያ ላይ ኖቬምበር ላይ ለአገረ ገዢነት የምወዳደረው እኔ ነኝ፤ ሃስኬት ደግሞ ለሴኔት። ሊገባበት ያሰበውን ቤት ታሪክ ማወቅ ለማን ይከፋል?

ወዲያው ሥዕሎቹ ወደተሰቀሉበት ኮሪደር ወረድኩ። ሁሉም በዘይት ቀለም ተስለው፣ ሁሉም ሆዳቸውን ገፍተው፣ አንድ እጃቸውን መጽሐፍ ላይ አሳርፈው ይመለከቱኛል። (ግማሾቹ መጽሐፍ የሚባል ነገር ከፍተው እንደማያውቁ ከወዲሁ መናገር እችላለሁ።) በስተመጨረሻ ሁለት ባዶ ቦታ አለ፤ አንዱ የሃስኬት፣ ቀጥሎ ያለው የማን እንደሚሆን ጌታ ያውቃል። ሁለተኛው ፊት ቆሜ የመስኮቱ ብርሃን ከየት በኩል እንደሚመጣ አየሁ። ከግራ ነው። የፊቴ ግራ ጎን ደህና ነው፤ ቀኝ ጉንጬ ላይ ኪንታሮት አለኝ።

«ግድግዳው ምን አደረገዎት?» አለች ከኋላዬ አንዲት ሴት።

አግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጠች፣ ስልሳ የተጠጋት፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ እንደ ዶሮ ያቀፈች ሴት ናት። ቀለሙን እያየሁ ነው አልኳት። «ነጭ ነው» አለችኝ።

አርብ፣ ሴፕቴምበር 8

ዛሬ አገረ ገዢ ነበርኩ! ከጠዋት እስከ ማታ።

በእኛ ግዛት ሕግ አገረ ገዢው ወሰኑን ለቆ ከወጣ፣ እስኪመለስ ድረስ ሥልጣኑ ሙሉ በሙሉ የምክትሉ ነው። ወሰናችን ወንዙ ነው። ሾፌሩ ድዌን፣ ፖሊስ ነው፣ ድልድዩን እንደተሻገረ ይደውላል። የሃስኬት ጸሐፊ ወይዘሪት ፕላንክ ስልኩን ዘግታ ትነሳለች፤ ትንሿን ባንዲራ ከነመቆሚያዋ ከሃስኬት በር አንስታ እኔ በር አጠገብ ታኖራለች። ሲመለስ መልሳ ትወስዳታለች። አንድም ቃል አትናገርም። በስምንት ዓመት ውስጥ ያየሁት ትልቁ የመንግሥት ሥነ ሥርዓት ይኸው ነው።

በሥልጣን ዘመኔ የፈጸምኩት፦ «የአሳማ ሥጋ ሳምንት» የሚለውን አዋጅ ፈረምኩ። ምሳ በላሁ። ባንዲራዋን ለማየት ብቻ አራት ጊዜ ሽንት ቤት ሄድኩ።

በአራተኛው ያቺ ሴት አግዳሚው ላይ ነበረች። «ዛሬ አገረ ገዢው እርስዎ ነዎት ማለት ነው?» አለችኝ። ደረቴን ነፍቼ «እስከ ማታ» አልኳት። አፌን በቆረጠው!

ስሟ ቬልማ ኩቼራ ነው። እህቷ አደሊን ወህኒ ቤት ናት። ባሏ ዓመት ከዓመት ሲቀጠቅጣት ኖሮ፣ አንድ ክረምት በገዛ ጠመንጃው ገደለችው። ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። እሷ ከገባች ወዲህ የተወለዱ የሰው ልጆች አድገው ድምፅ መስጫ ዕድሜ ደርሰዋል። አሁን ሳንባዋ ታሟል። የምሕረት ቦርዱ በጸደይ «ትፈታ» ብሎ ወስኗል፤ የቀረው የአገረ ገዢው ፊርማ ነው። ምርጫ እየደረሰ ስለሆነ ሃስኬት አልፈረመም።

«አንድ ፊርማ ናት» አለች ቬልማ። «ለአሳማ ፈርመዋል ሲሉ ሰማሁ።»

ጉዳዩ የአገረ ገዢው እንደሆነ ነገርኳት። ባንዲራዋን ዞር ብላ አየቻት። ሰላምታ ሰጥቼ በፍጥነት ሄድኩ፤ ወዴት እንደሆነ ባላውቅም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 14

የታሪክ መጽሐፌ እየገሰገሰ ነው። የመጀመሪያው ገዢ ላሙን ከምክር ቤቱ ደጅ አስሮ ያልብ ነበር። ሦስተኛው ሥልጣን በያዘ በሁለት ሳምንት ውስጥ ገንዳ ውስጥ ሲታጠብ ሞተ፤ ሥዕሉ ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ሚስቱ ናት የከፈለችው። አንዱ ንግግር ሲያደርግ በረዶ ዘነበ፣ አላቆመም፤ ከአድማጮቹ ሁለቱ የሳንባ ምች ያዛቸው። ስለ ሁሉም ቢያንስ አንድ ገጽ አለኝ።

ስለ አሞስ ፔልቲየር ግን ሁለት መስመር ብቻ ጻፍኩ። ሥዕል የለውም፤ እንደኔ ምክትል ነበር። በ1911 አገረ ገዢው ሆሬስ ዌይማን ዓሣ ሊያጠምድ ወንዙን ተሻግሮ ሳለ፣ ፔልቲየር በዚያች ቀን ሊሰቀል የነበረን አንድ የባቡር ሠራተኛ ማረው። ዌይማን ሲመለስ በቁጣ ነደደ። ሕዝቡ ፔልቲየርን ከምርጫ አባረረው፤ ሱቁን ሰው አልረግጥ አለ፣ ተዘጋ፤ ከግዛቱ ወጣ። ዌይማን ግን ሁለት ጊዜ ተመረጠ። እስከ ዛሬ ድረስ በእኛ አገር ካርታ ሲጫወት የሚያሸንፍበትን ካርታ የጣለ ሰው «ፔልቲየር ሆነ» ይባላል። እኔም ስንቱን ብያለሁ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 22

ሃስኬት ለእህቱ ልጅ ሠርግ ተሻገረ። ባንዲራዋ መጣች። ከባንዲራዋ ጋር አንድ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁ፤ የአደሊን ሮትካ። በስህተት ነው የመጣው። ወስጄ ለወይዘሪት ፕላንክ መለስኩላት።

ፋይሉን አየችው፤ እኔን አየችኝ። «ደህና» አለች። ይህቺ ሴት «ደህና» ስትል የሆነ ሰው የተቀበረ ይመስላል።

ቬልማ አግዳሚው ላይ ነበረች። በሌላኛው ደረጃ ወረድኩ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 29

ሻፈር የሚባለው የትውልድ ከተማዬ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ የምርጫ እራት። ዶሮ በክሬም፣ ድንች፣ ጄሊ ውስጥ የታፈነ ካሮት። እዚህ ሰላሳ ዓመት የበቆሎ ዘር ሸጫለሁ፤ የማላውቀው ሰው የለም።

ተፎካካሪዬ ግሌን ብሬነር የእስር ቤት በር እንዴት እንደሚዘጋ በድስት መክደኛ አሳየ። ጭብጨባ ሆነ። አንድ ገበሬ ተነስቶ ስለ አደሊን ሮትካ ጠየቀኝ። «ጉዳዩ የአገረ ገዢው ነው» አልኩ። ለእኔም ተጨበጨበ! ለምን እንደተጨበጨበ አሁንም እያሰብኩ ነው። ምንም ስላላልኩ ይመስለኛል።

ኮቴን ስሰቅል ከመጋረጃው ማዶ ሁለት ሰዎች ስለ እኔ፣ ስለ ኤልሮይ ስኮግ፣ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ስኮግ ጥሩ ሰው ነው።»

«በጣም። ወንበር ነው። ባስቀመጥክበት ታገኘዋለህ።»

«እኔስ ለዚህ አይደል የምመርጠው!»

ሦስት ቁራጭ ፓይ፣ ያን ፖም የተሞላ ኬክ፣ በላሁ። ኢኔዝ በመኪና ስንመለስ «ሆድህን አመመህ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። በእርግጥ ሆዴ አልነበረም። አፈርኩ፤ ያውም በራሴ ሰዎች መሀል።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 4

ሃስኬት ቢሮዬ ድረስ መጣ። ይህ ሆኖ አያውቅም፤ መብራቱን የት እንደሚያበራ እንኳ አላወቀም።

«ኤልሮይ፣ ዓርብ ማዶ ለወፍ አደን እሄዳለሁ። ምናልባት ሁለት ቀን ልቆይ እችላለሁ።»

«እሺ።»

«ሰፊ ጊዜ ነው። የሚያስቸኩል ነገር ካለ አገረ ገዢው አንተ ነህ። እኔን አትጠይቅ።»

«አይዞህ፣ መርል። ሁሉንም ነገር እንዳስቀመጥከው ታገኘዋለህ።»

«እሱን እኮ ነው የምፈራው» አለና ወጣ። ሥራ በዝቶበት ስለደከመው ይሆናል።

ኢኔዝ ይህን ስነግራት፣ «የሃስኬት ጠመንጃ እኛ ቤት አይደለም እንዴ? ትከሻው የተሰበረ ጊዜ የሰጠህ?» አለች። ሌላ ገዝቶ ሊሆን ይችላል አልኳት።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 6

ባንዲራ። ፋይሉም። አሁን ደግሞ የሃስኬት እስክሪብቶ ከላዩ ላይ። ረስቶት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 7

ቢሮ ሄድኩ። ፋይሉን ከፈትኩ። ዘጋሁ። መስኮቱን ከፈትኩ። ብሬነር በሬዲዮ። መስኮቱን ዘጋሁ። ጋዜጣው ሦስት ነጥብ እመራለሁ ይላል። ሦስት! ቤት ገባሁ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 12

ሃስኬት ከአደን አንድም ወፍ ሳይይዝ ተመለሰ። ዛሬ እዚሁ አለ፤ ባንዲራዋ እሱ በር ላይ ናት። ስለዚህ ኮሪደሩን ያለ ስጋት ተራመድኩ፤ ያን ቀን ካወራን ወዲህ ቬልማ የምትመጣው ባንዲራዋ እኔ ጋ ስትሆን ብቻ ነዋ። ይህን እስከ ዛሬ አላስተዋልኩም ነበር።

ግን አግዳሚው ላይ አለች! ፕሪም የተሞላ ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ መጥታለች። በእነ ቬልማ ቤት ኮላቼ ይሉታል።

«ዛሬ እኮ አገረ ገዢው እኔ አይደለሁም» አልኳት፣ በሩቁ።

«አውቃለሁ። ዛሬ የመጣሁት ሲሸሹኝ ደረጃ ላይ ወድቀው እግርዎን እንዳይሰብሩ ልነግርዎ ነው። ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። በላሁ። አደሊንን ወደ ወህኒው ሐኪም ቤት ክፍል እንዳዛወሯት ነገረችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ትስላለች።

«እሷ ራሷ ምን ትላለች?»

«እሷ? ‹በእኔ ምክንያት ማንም ወንበሩን እንዳያጣ› ነው የምትለው። ከልጅነቷ እንዲህ ናት፤ ድስት ሲደፋባት እንኳ ይቅርታ የምትጠይቀው ድስቱን ነው።» ፎጣውን አጠፈችው። «እሷ አትጠይቅም። እኔ ግን እጠይቃለሁ። ዓይኔን በጨው ታጥቤያለሁ፤ አላፍርም።»

«ዳቦው ጥሩ ነው» አልኩ። የግዛቲቱ ሁለተኛ ሰው፣ ሰላሳ ዓመት ሰው አሳምኖ ዘር የሸጠ ምላስ፣ «ዳቦው ጥሩ ነው»!

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 18

ሃስኬት ዓርብ እንደገና ይሻገራል። ጥርስ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ ይላል።

ኢኔዝ ሳህን እያጠበች ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ሃስኬት? ጥርስ ሐኪም? ያ ሰው እኮ ከጦርነቱ ጀምሮ ጥርሱን የሚያሳድረው ብርጭቆ ውስጥ ነው!»

«ድድም ይታመማል» አልኳት።

እጇን በልብሷ አድርቃ አጠገቤ ተቀመጠች። «ኤልሮይ፣ አንተ ደግ ሰው ነህ። አንዳንዴ ግን አገር ያየውን አታይም።» ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 20

እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ባንዲራዋ መጣች፤ ፋይሉም። ከዚህ በኋላ በስህተት ነው ብዬ ራሴን ማታለል አልቻልኩም፤ ወይዘሪት ፕላንክ ፋይሉን በሁለት እጇ ይዛ መጥታ ፊቴ አኖረችው። እኔም በዚህ ነገር አንዴ ለመጨረሻ ልገላገል አልኩ። ወህኒ ቤት እሄዳለሁ፤ ሴትዮዋን አያታለሁ፤ አደገኛ መሆኗን በዓይኔ አረጋግጣለሁ፤ ከዚያ በንጹሕ ህሊና «አልፈርምም» እላለሁ። ዕቅዱ ይህ ነበር። አገረ ገዢም ስለሆንኩ በሩን ሁሉ ከፈቱልኝ።

አደሊን ሮትካ ሹራብ ለብሳ ተቀምጣ አገኘኋት። ከእህቷ ታንሳለች፤ በሁሉም ነገር። ስሜን ስነግራት ፊቷ በራ።

«ስኮግ? የዘሩ ስኮግ? አባቴ ከእርስዎ ነበር የሚገዛው። አሁንም ከረጢቱ ቀይ ነው?»

«ቢጫ አድርገነዋል።»

«አይ!» አለች፤ ከልቧ አዘነች። «ከቀዩ እኮ የአሻንጉሊት ቀሚስ እንሰፋበት ነበር።»

ስለ በቆሎ አወራን። ስለ ድርቁ ዓመት አወራን። ሳል ሲይዛት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ስለ ፊርማ አንድ ቃል አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም፤ በዚህ እንኳ ተመሳሰልን። ሰዓት ሲደርስ እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ልሸኝዎ አለች። በሩ ጋ ስንደርስ ቆመች። አልተቆለፈም፤ ገርበብ ብሎ ነበር። እሷ ግን እጆቿን ሆዷ ላይ አጣጥፋ ቆማ ጠበቀች። ጠባቂዋ ከኋላ መጥታ ስትገፋላት ነው ያለፈችው። ለሃያ ምናምን ዓመት አንድም በር በእጇ ነክታ አታውቅም።

ስመለስ መንገዱን አላስታውሰውም። እንደገባሁ ኮቴን ሳላወልቅ በሃስኬት እስክሪብቶ ፈረምኩ። ፊርማዬ የሌላ ሰው ይመስላል። ወይዘሪት ፕላንክ ማኅተሙን መታች፤ ሰዓቱን ጻፈች። ከዚያ በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስነጥስ ሰማኋት ልል ነበር፤ እያለቀሰች ነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባንዲራዋ ወደ ሃስኬት በር ተመለሰች።

አሁን አልጋዬ ላይ ሆኜ እየጻፍኩ ነው። ፈርቻለሁ። ኮርቻለሁም። ማንም ሳያዘኝ፣ አለቃዬ ሳያውቅ፣ በራሴ! ፔልቲየር ሆይ፣ ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም። (ይህን ነገ ሳነበው እንደማፍር አውቃለሁ። ይቆይ።)

እሁድ፣ ኦክቶበር 22

ጉድ ፈላ። ጋዜጣው «ፔልቲየር ሁለተኛ» ይለኛል። ሃስኬት በሬዲዮ፦ «ደንግጫለሁ። እጅግ አዝኛለሁ። እኔ ባለሁበት ቢሆን ይህ አይሆንም ነበር።» ድምፁ ውስጥ እውነተኛ ሐዘን አለ። ይህ ሰው ለሴኔት ተፈጥሯል።

ቤተ ክርስቲያን ከፊታችንም ከኋላችንም ያለው አግዳሚ ባዶ ነበር። ኢኔዝ «ለእግራችን ሰፊ ቦታ ተገኘ» አለችና እጄን ያዘችኝ። እኔ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝና፣ መዝሙሩ ሲዘመር አገጬን ቀና፣ ግራ ጎኔን ወደ መስኮቱ አድርጌ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 28

ፀጉር አስተካካዩ ጋ ድዌንን አገኘሁት። ነጭ ጨርቅ አንገታችን ላይ አስረን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሰውየው ውሃ ሊያመጣ ወደ ጓዳ ሲገባ ድዌን ዘንበል ብሎ፣ «የዚያን ዕለት እኮ ልባችንን ነበር ያወለቁት» አለኝ።

«የቱን ዕለት?»

«የፈረሙ ለታ። ከጠዋት ጀምሮ ከድልድዩ ማዶ ያለችው ምግብ ቤት ተቀምጠን። አለቃዬ ፓይ በፓይ ላይ ሲያዙ፣ በየሰዓቱ ወይዘሪት ፕላንክ ጋ ሲደውሉ። ዘጠኝ ሰዓት ግድም ‹በቃ፣ ይህ ሰው አይፈርምም፣ እንሂድ› አሉኝ። ድልድዩን ጀመርነው። ልንጋመስ ስንል ‹አቁም!› አሉ። በመኪናው ሬዲዮ ጠየቁ። ‹ወህኒ ቤት ሄደዋል፣ አልተመለሱም› አለች። ‹ወህኒ ቤት?› አሉ፤ ‹ዙር! ቶሎ ዙር! አንድ ጎማ እንኳ የግዛታችንን መሬት እንዳይነካ!› ድልድይ ላይ መኪና ሳዞር አሥራ አምስት ከብት የጫነ ካሚዮን ሊጨፈልቀን ነበር፣ ጌታዬ።»

ፀጉር አስተካካዩ ተመለሰ። ጢሜን መላጨት ጀመረ፤ ምላጭ ጉሮሮ ላይ ሆኖ መሳቅ አይቻልም፤ ማልቀስም።

ጥርስ ሐኪሙ፣ አደኑ፣ ሠርጉ፣ «በስህተት» የመጣው ፋይል፣ እስክሪብቶው! ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይህ ነው፤ ያውም መጥረቢያውን አስታጥቆኝ። ኢኔዝ ታውቅ ነበር። ፕላንክ ታውቅ ነበር። ምግብ ቤቷ ውስጥ ፓይ የምታቀርበው ሴት ሳታውቅ አትቀርም። በራሴ ጀግና የሆንኩ የመሰለኝ እኔ ብቻ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ በሚያየው ወጥመድ ውስጥ በደረቴ ገብቼ፣ አገጬን ቀና አድርጌ መዝሙር ዘመርኩ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 30

ሃስኬት ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ።

«ጥርስህ እንዴት ነው?»

«የቱ?» አለ፤ ከዚያ ገባውና መነጽሩን አወለቀ። በሩን እንድዘጋ በእጁ አሳየኝ።

«ለምን ራስህ አልፈረምክም፣ መርል?»

«እኔ ብፈርም ሁለታችንም እንወድቅ ነበር፤ አንተም የእኔ ሰው ነህና። አሁን የሚወድቀው አንድ ሰው ነው።»

«እሱም እኔ።»

«እሱም አንተ።» አይኑን አልሸሸገም፤ ይህን እጽፍለታለሁ። «ፈሪ ነኝ፣ ኤልሮይ። ሁልጊዜም ነበርኩ። ግን ትወጣ ዘንድ እፈልግ ነበር፤ ከልቤ። ከስንት ሰው መሀል የሚፈርም ማነው ብዬ ሳስብ የመጣልኝ ያንተ ስም ነው።»

«ይህንኑ ልትነግረኝ ትችል ነበር። ‹ፈርም› ብትለኝ...»

«እንዲያ ብዬህ ቢሆን ትእዛዝ ይሆን ነበር፤ ትእዛዝ ከሆነ ደግሞ የኔ ነው። አንተ ስምንት ዓመት ሙሉ ስትጠብቀኝ ኖረሃል። እኔ አንድ ወር ብጠብቅህ ምን አለበት?»

ልቆጣው ነበር የገባሁት። አፌን ስከፍት ሳቅ አመለጠኝ፤ እሱም ሳቀ፤ ጥርሱ ተንሸራተተበትና በእጁ መለሰው። ከወጣሁ በኋላ ግን ተናደድኩ፤ አሁንም አልበረደልኝም። ሰው አምኖህ ሲጥልህ በየትኛው ነው የምትይዘው?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 8

ተሸነፍኩ። ሻፈርም ጭምር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ነው፤ ምክትልነቷም ሄደች። ሃስኬት ለሴኔት ተመረጠ።

ብሬነር እንኳን ደስ ያለህ ልለው ስደውል ትሁት ነበር። ከግራ በኩል ብርሃን እንደሚመጣ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ራሱ ይድረስበት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 21

የታሪክ መጽሐፏ ማተሚያ ቤት ልትሄድ ነው። የፔልቲየርን ሁለት መስመር ደግሜ አነበብኩ። «አገረ ገዢ ዌይማን ዓሣ ሊያጠምዱ ወንዙን ተሻግረው ሳለ» ይላል። ምሕረቱ የተሰጠው በማርች ነው። በማርች ወንዛችን ላይ በረዶው ለመርገጥ የሳሳ፣ ለጀልባ የወፈረ ነው፤ ያኔ ዓሣ የሚያጠምድ የአገሬ ሰው ከአሁን በፊት ኖሮ አያውቅም።

የዌይማን ዓሣ እንደ ሃስኬት ጥርስ ነበር ብል ምስክር የለኝም፤ ሞተዋል ሁሉም። ስለዚህ ማንንም አልከሰስኩም። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «በማርች» የሚል አንድ ቃል ብቻ ጨመርኩ። የአገሬ ሰው ሲያነበው ይቆማል። ከዚያ ስለ ፔልቲየር ሙሉ ገጽ ጻፍኩ፤ ገንዳ ውስጥ ከሞተው ሰውዬ ቀነስኩለት።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 15

ሳጥኖቼን ስቋጥር ወይዘሪት ፕላንክ ብቅ ብላ «እንግዳ አለብዎት» አለች። ባንዲራዋ ሃስኬት በር ላይ ናት፤ ለእኔ ምን እንግዳ?

ኮሪደሩ ውስጥ ቬልማ ናት። አጠገቧ፣ የተበደረችው ካፖርት ውስጥ ጠፍታ፣ አደሊን። ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል ከርሞ ሰኞ ለት ነው የወጣችው። ሳሉ አልለቀቃትም፤ ቬልማ ግን ሾርባ እየጋተቻት ነው፤ ከቬልማ ሾርባ የሚያመልጥ በሽታ የለም።

አደሊን ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አየች። «እርስዎ የትኛው ነዎት?»

«የለሁበትም።»

«ይሻላል» አለች ቬልማ፤ «ሁሉም ሆዳቸውን የታመሙ ይመስላሉ።»

እስከ ውጪው በር ልሸኛችሁ አልኩ። ትልቁ የነሐስ በር ጋ ደረስን። አደሊን ቆመች፤ እጆቿን ሆዷ ላይ አጣጠፈች። እኔም ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ከሃስኬት ኋላ ሆኜ፣ በር ጋ ስደርስ ከፊቴ ያለው ሰው እስኪያልፍ መቆም ለምዶብኛል። እሷ እኔን ትጠብቃለች፤ እኔ እሷን። በበሩ መስታወት ማዶ በረዶ ይዘንባል።

«ኧረ በማርያም፣» አለች ቬልማ ከኋላችን፣ «ሁለታችሁም ምንድነው የምትጠብቁት? ግፉት እንጂ!»

አደሊን እኔን አየችኝ። «ይቅርታ» አለች፤ ለበሩ ይሁን ለኔ አላወቅሁም። ከዚያ መዳፏን ነሐሱ ላይ አሳረፈችና ገፋችው። ከባድ ስለነበር ከጎኗ ሆኜ አገዝኳት።